ሳይሰምር ያስገባሁት ስለት

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ዓመት ግድም፣ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የንግሥ በዓል ላይ ነው። የማልረሳው ያን ያህል ሕዝብ ፊት ስጮህ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ስለነበረ ብቻ አይደለም። የጮህኩት ቃል እስከ ዛሬ ሰው ያስቃል፣ እኔን ግን ያስለቅሰኛል። ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሲኤምሲ አካባቢ በተከራየሁት ኮንቴይነር ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የቤት መጋረጃ፣ አልፎ አልፎም የሚዜ ቀሚስ እየሰፋሁ ነው ልጄን ሜሮንን ያሳደግኳት። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል። ያበላን ቀኝ እጄ ነው ብል አላጋነንኩም።

እጄ የተሰበረው መገናኛ ላይ ከታክሲ ስወርድ ነው። ረዳቱ «ፈጠን በሉ፣ ትራፊክ መጣ!» ሲል አንዱ እግሬ ገና መኪናው ውስጥ ነበር። መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ እኔም በእጄ አንጓ ላይ ወደቅኩ። የባሰውን ጥፋት ያጠፋሁት ግን ራሴ ነኝ። ሐኪም ቤት በመሄድ ፋንታ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ታሸሁ፣ ታሰረልኝ፣ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስደርስ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል፣ ነርቩም ተጎድቷል ተባልኩ። ፊዚዮቴራፒ ታዘዘልኝ፤ እሱንም ሳላቋርጥ ሄድኩ። ሦስቱ ጣቶቼ ግን አልታጠፍ አሉ። መቀስ አይዙም፣ ክር አያስገቡም።

ያኔ በጣም ያንገበገበኝ ሕመሙ አይደለም፤ የሰው ማጽናኛ ነው። የመጣው ሁሉ «ለበጎ ነው» ይለኛል። ለማን በጎ እንደሆነ የሚነግረኝ ግን የለም። ደንበኞቼ እግዜር ይማርሽ ብለው ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። የንስሐ አባቴ እንኳ ሊጠይቁኝ መጥተው «ልጄ፣ በዚህም ውስጥ ቢሆን ደስ ሊልሽ ይገባል። ደስታሽን ከእጅሽ ጋር አታስሪው» አሉኝ።

በአፌ «እሺ አባ» አልኩ። በሆዴ ግን «እርስዎ ምን አለብዎት፣ መቀስ አይዙ!» አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እኔ የፈለግኩት እጄን እንጂ ደስታን አልነበረም። ስለዚህ ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ እጄን መልሺልኝ እንጂ በገዛ እጄ የሰፋሁትን መጋረጃ ለቤትሽ አስገባለሁ» አልኩ። እንደሚሰምርልኝ አልተጠራጠርኩምና ቀዩን ከፋይ ጨርቅና ወርቃማውን ጥለት ወዲያው ገዛሁ። ከዚያ አባን አስፈቅጄ እንጦጦ ጠበል ጀመርኩ፤ ሁለት ሱባኤ፣ ዐሥራ አራት ቀን።

ማለዳ እህል ሳልቀምስ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ፣ የቀረውን ዳገት በእግሬ እወጣለሁ። እዚያ ስደርስ ወረፋው ያበሳጨኛል። አንዷ ሴትዮ አምስት ጀሪካን ደርድራ ለአምስት ዘመዶቿ ቦታ ይዛለች። «ጠበል ላይም ወረፋ ይያዛል እንዴ?» ስላት «ምን ታደርጊዋለሽ፣ እነሱም ታመው ነው» አለችኝ። ውኃው ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ተጠምቄ ስወጣ ኔትወርክ እንደሚፈልግ ሰው እጄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ጣቶቼን እሞክራለሁ። ምንም የለም።

በዐሥራ አራተኛውም ቀን ምንም አልነበረም። አጠገቤ የነበረች ሴት ስንት ጊዜ ያሠቃያት ራስ ምታት ለቀቃትና እልል አለች። እኔ ቀናሁባት። ቁልቁል ስወርድ በእንጦጦ ፓርክ በር በኩል የሚዝናኑ ወጣቶች አገኘሁ። አንዷ ስልኳን ዘርግታ «እናት፣ ፕሊስ አንድ ፎቶ አንሺን» አለችኝ። «አልችልም!» ብዬ ጮህኩባት። ምን አጠፋች? ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ እስከ ታክሲው ድረስ ከፈጣሪዬ ጋር ድምፄን አውጥቼ ተጣላሁ። የሚያልፈው ሰው አብዳለች ሳይለኝ አልቀረም።

ጨርቁ ኮንቴይነሩ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከሁለት ወር በኋላ ሜሮን «ማሚ፣ ለምን አንሸጠውም? ስለቱ አልሰመረም። ሎጂካሊ ምንም ግዴታ የለብሽም እኮ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ግን ተናደድኩ። በእሷ ይሁን በእመቤታችን ወይም በራሴ እንጃ። እሷ ወደ ሥራዋ ስትሄድ የእግር ስፌት መኪናዬን ከፈትኩና ከፋዩን ዘረጋሁት። «ይኸው፣ የተረፈኝ ይህ ነው» አልኩ ወደ ላይ። ያን ቀን መስፋት የጀመርኩት በእምነት ነበር ብል ውሸት ነው። በእልህ ነው የጀመርኩት።

በግራ እጅ ከፋይ መስፋትን ለጠላቴም አልመኝም። ጨርቁ ይንሸራተታል። በቀኝ ክንዴ ተጭኜው፣ ጠርዙ እንዳይሸሽ ካውያ ጭኜበት፣ ጣቴን ሁለት ጊዜ ወግቼ፣ በቀን አንድ ክንድ የሚሆን እሰፋለሁ። በማግስቱ ጠማማውን አይቼ ግማሹን እተረትረዋለሁ። ለአንድ መጋረጃ ወራት ፈጀሁ። ድሮ ቢሆን የሁለት ቀን ሥራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ጥለቱን ስገጥም የሕፃንነቴን የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ሳዜም ራሴን አገኘሁት። ስንት ደቂቃ እንደዘመርኩ አላውቅም። እግሬን ከመኪናው አነሳሁ። ጣቶቼን ከሞከርኩ ቀናት እንዳለፉ ያኔ ትዝ አለኝ። ጠበሉ ላይ ዐሥራ አራት ቀን ሙሉ እጄን ብቻ ነበር የማየው። እዚህ ግን ስሰፋ የማስበው ስለምሰፋላት ነበር፤ ስለ ልጇም። የተዉኝ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ ግን አልተዉኝም ነበር። ደስ አለኝ። ሌላ ቃል የለኝም፣ ደስ አለኝ።

ጠዋት ይጠፋል ብዬ ነበር። ጠዋት የዘይት ክዳን መክፈት አቅቶኝ ተነጫነጭኩ፤ ደስታው ግን አለ። በሳምንቱም አለ። ንዴቴ አልለቀቀኝም፣ ደስታውም አልሄደም።

አባን «ስለት ሳይሰምር ማስገባት ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም «ስጦታ መስጠት ማን ይከለክልሻል?» አሉ። ስለዚህ በንግሡ ቀን መጋረጃውን በነጠላ ጠቅልዬ ከሜሮን ጋር ሄድኩ።

ስለት የሚቀበሉት ዐውደ ምሕረቱ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘርግተው ነው። አንዱ ጥላ ያመጣል፣ ሌላው ጧፍ። ማይክ የያዙት ጋሼ ረጋ ያሉ፣ ሸበቶ ሰው ናቸው። መጋረጃውን ተቀብለው «የክርስትና ስምሽ ማነው እኅቴ?» አሉኝ።

«ወለተ ሥላሴ።»

«ምን ነበር የተሳልሽው?»

«ስለ እጄ ነበር» አልኩ። የቀረውን ሳልናገር ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ምእመናን! እኅታችን ወለተ ሥላሴ የታመመ እጇን እመቤታችን ፈውሳላት፣ በዚሁ በዳነው እጇ የሰፋችውን መጋረጃ ይዛ መጥታለች! እልል በሉ!»

እልልታው ቀለጠ። እኔ ቀኝ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ቆሜያለሁ። በእሳቸው አልፈርድም። ስለት ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሰመረለት ነው፤ ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ዝም ብዬ ልሄድ ነበር። መጋረጃው ገብቷል፣ ሰውም ደስ ብሎታል፣ ምን ቸገረኝ አልኩ።

ያን ጊዜ ከኋላዬ አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል። «እኅቴ፣ በስንተኛው ቀን ነው የዳነልሽ? ባለቤቴ አልጋ ላይ ከዋለ አራት ዓመቱ ነው። ስንት ሱባኤ ያዝሽ? እባክሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ምን ልበላት? ሁለት ሱባኤ ብላት ቆጥራ ልትጠብቅ ነው። እኔ እንደጠበቅኩት፣ ቀን በቀን። ከዚያ ያን ዳገት ብቻዋን ስትወርድ ታየኝ።

«አልዳነም!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሼ፣ ይስተካከልልኝ! እጄ አልዳነም!» የማይታጠፉትን ጣቶቼን ከነጠላዬ አውጥቼ ከፍ አደረግኳቸው።

እልልታው ተቆረጠ። ካህናቱ ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። ሜሮን ከሴቶቹ መሃል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጋሼ ማይኩን በእጃቸው ከድነው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። በደንብ ግን አልከደኑትም፤ የተናገርነው ሁሉ ለሕዝቡ ተሰማ።

«ታዲያ ካልዳነ ስለቱን ለምን አመጣሽ?»

ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ ነው።

«ደስ ብሎኝ ነው» አልኩ። ድምፄ ከድምፅ ማጉያው ተመልሶ ሲመጣ ለራሴም ገረመኝ። «ሳይድን ደስ አለኝ። በግራ እጄ ነው የሰፋሁት።»

ጋሼ ማይኩን እንደያዙ ቀሩ። ሴትየዋ ክንዴን ለቀቀችኝ። አሳፈርኳት፣ ተስፋዋን ቆረጥኩባት ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

በመጀመሪያ እልል ያለችው እሷ ናት። ብቻዋን፣ እያለቀሰች። ከዚያ ሌላ ሴት ተቀበለቻት። ከዚያ ሁሉም። የመጀመሪያው እልልታ ሞቅ ያለ ነበር፤ ይሄኛው ግን ላልዳነው እጄ ነበር።

ሴትየዋን አሁን አውቃታለሁ። ባሏ አልተነሳም። አንዳንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ ሄጄ እሱን አብረን እናገላብጠዋለን፣ እናጥበዋለን፤ ስንዘምር እሱም ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሰፈር ውስጥ «ያቺ አልዳነም ያለችው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ጣቶቼ ዛሬም አልታጠፍ ብለዋል። የልብሴን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ሜሮን ናት፣ ስትዘገይብኝ እጮህባታለሁ። ለበጎ ነው የሚለኝ ሰው ዛሬም ያናድደኛል። ፈውሴንም ጠዋት ጠዋት እለምናለሁ፤ አላፈርኩም፣ አልተውኩምም። አንድ ቀን እመቤቴ ብትሰጠኝ ግን ምን ይዤ እንደምሄድ ግራ ገብቶኛል፤ ስለቴን አስቀድሜ አስገብቻለሁ።