ለመንትዮቹ የተገመሰች ኪኒን

ስጉ ሰው ነኝ። ነርስ ከሆንኩ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጤና ጣቢያችን አንድ ሕፃን ሲያጣጥር ከሰማሁ ምሳዬ አይወርድልኝም። ባልደረቦቼ «አንቺ እኮ ለጎረቤት ድመትም ታስቢያለሽ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ያን ሰሞን ያስጨነቀችኝ የሁለት ዓመት ልጅ ናት። መንታ ናት። እናቷ ጤነኛዋን አዝላ፣ የታመመችውን ታቅፋ መጣች። ለሳንባ ምች በውሃ የሚሟሟ የአሞክሳሲሊን ኪኒን ተሰጥቷት ነበር፤ በቀጠሮዋ ስትመለስ ግን ትኩሳቱም እንዳለ፣ ትንፋሿም እንደተጣደፈ ነው።

«መድኃኒቱ አልያዘላትም» አለ የጤና መኮንናችን ደረቷን አዳምጦ። «ወደ መርፌው እንለፍ መሰለኝ።»

እናትየዋ ደስ አላት። እኛ አገር መርፌ ያልተወጋ ሰው ታከመ አይባልም። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ጠንካራውን መድኃኒት ዛሬ በከንቱ ካወጣነው፣ እሱም እምቢ ባለ ቀን ምን ልንይዝ ነው? ደግሞስ ተሳስቼ ልጅቷ ብትሞትብኝስ?

«አንዴ ቆይ፣ አሰጣጧን ልይ» አልኩት። እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የዛሬውን ሰጥተሻታል?» አልኳት እናትየዋን።

«መንገድ ላይ ሆኜ መች ሰጠሁ።»

«እንግዲያው ቤትሽ እንደምታደርጊው እዚሁ ስጫት።»

አንዲት ኪኒን አወጣችና በጥፍሯ ለሁለት ገመሰቻት። ግማሿን ማንኪያ ላይ አድርጋ ውሃ ስታንጠባጥብባት፣ ጀርባዋ ላይ ያለችው ጤነኛዋ አንገቷን አስግጋ አፏን ከፈተች። ተራዋን ለምዳዋለች።

«ለእሷም ትሰጫታለሽ?»

«መንታ ናቸው እኮ፣ ሲስተር! አንዷ ቀምሳ አንዷ ብትቀር፣ የቀረችው ትታመማለች። እናት ሆኜ ላዳላ?»

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዓይኗን ሳየው ተውኩት። የጤፍ አረም ግማሹን ነቅላ ግማሹን ብትተወው ምን እንደሚሆን ጠየቅኋት።

«በርትቶ ይመለሳላ» አለች።

«በሽታውም እንደዚያው ነው። በግማሽ ኪኒን ሳይሞት ከተረፈ መድኃኒቱን ይለምደዋል።»

ሁለቱንም ግማሾች አሟሙተን ለታመመችው አጠጣናት። ለጤነኛዋ በዚያው ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ እንድትሰጣት ተስማማን። የጤና መኮንኑም «በደንብ ትጠጣለች፣ ስትተነፍስም ደረቷ አይሰረጉድም። ሙሉውን ትውሰድና ነገ ጧት እንያት፤ ከባሰባት ግን ነገን ሳትጠብቂ ይዘሻት ነይ» አለ።

ያን ማታ እህል አልቀመስኩም። መርፌውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ለዚያች እናት ምን ብዬ ነው የማስረዳት?

ጧት በሩ ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን ሳይ እናትየዋ ብቅ አለች። ያዘለችው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ክንዷ ባዶ ነው። እንዴት እንደደረስኩባት አላውቅም።

«ሌላዋስ? የታለች?»

«ኋላ ናት፤ አክስቷ አዝላታለች። ገንፎ አምጡ ብላ ስታስቸግረን ነው የቆየነው።»

አክስቲቱም ደረሰች። ልጅቷን አዳመጥኳት፤ ትንፋሿ ረግቷል፣ ትኩሳቷም በርዷል። እፎይ ብዬ ልስቅ ስል እናትየዋ ያዘለቻትን አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ታስነጥሳለች።

«አላልኩሽም? የቀረችው ታመመች።»

መረመርኳት። ትኩሳት የላትም፣ ደረቷ ንጹሕ ነው። ተራ ጉንፋን ነው።

«ለጉንፋን ይህ መድኃኒት አይሆንም» አልኳት። «ትኩስ ትኩሱን አጠጫት። ትንፋሿ ከፈጠነ ወዲያው ነይ።»

«ለአንዷ ሰጥተሽ አንዷን ልትከለክያት?»

ደረቷን ደግሜ አዳመጥኩ፤ አሁንም ንጹሕ ነው። መድኃኒት ሳልሰጣት ሸኘኋት። እናትየዋ ልጇን አዝላ ሳትሰናበተኝ ወጣች።