የሻገተው ለኛ

ፋሌሲን የማያውቅ ሰው ቁጡ ናት ይላል። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ቁጡ ሆና አልተፈጠረችም።

ባሏ ከሞተ ጀምሮ እዚሁ ማላዊ፣ ምቺንጂ ውስጥ፣ ቺሳሌ የሚባል ነጋዴ መጋዘን ኦቾሎኒ ስትለቅም ኖረች። ደህናው ፍሬ ወደ አንድ ወገን፣ የሻገተውና የጠቆረው ወደ ሌላ። ደህናው ባሕር ይሻገራል። ሻጋታው መርዝ እንዳለው፣ ጉበት ቀስ እያለ እንደሚጨርስ፣ ቢቆሉትም እንደማይለቅ የግብርና ሰዎች መጥተው ለለቃሚዎቹ ነግረዋቸዋል። የሻገተው የት እንደሚሄድ ስትጠይቅ ቺሳሌ እናቃጥለዋለን አላት። አመነችው።

አንድ ጠዋት በቆሎ ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄደች። ጥግ ላይ የተደረደሩት ጆንያዎች አፋቸው የታሰረው ከአሮጌ ሽርጧ በቀደደችው ጨርቅ ነበር፤ ትናንት ራሷ ያሰረቻቸው የሻገቱት ናቸው። ወፍጮኛው እየቆላ፣ ጨው እየጨመረ ይፈጫል። በሩ ላይ እናቶች ልጅ አዝለው የገንፎ ዱቄት ለመግዛት ተሰልፈዋል። የገዛ የልጅ ልጇም የምትበላው ከዚያው ዱቄት ነው።

ወፍጮኛው ሥራው ከተጀመረ ዓመታት እንዳለፉት፣ ጨው ሲገባበት ምሬቱ እንደማይታወቅ ያለ ኀፍረት ነገራት። ፋሌሲ ከሞተሩ ሥር የተቃጠለ ዘይት የተጠራቀመበትን ባልዲ አንስታ በየጆንያው ላይ ደፋችው። ሲይዟት ባልዲው ባዶ ነበር።

ቺሳሌ እየበረረ መጣ።

«ምን ነካሽ እማማ? አባቶቻችን ሲበሉት የኖሩት እህል አይደለም እንዴ? ማን ሞተ?»

እስከዚያ ቀን ጌታዬ ስትለው የኖረችውን ሰው አንተ አለችው።

«የሞቱትማ አይናገሩም። ለውጭ ሰው አይሆንም ብለህ ያስለቀምከኝን ለልጅ ልጄ ታበላታለህ? ሆዷ የቆሻሻ መጣያ ነው?»

የተፈጨውን በእፍኟ ዘግና አፉ ድረስ አስጠጋችለት። «እንካ፣ ቅመስ።»

ፊቱን አዞረ። የተሰለፉት ሁሉ አዩት።

የመንደሩ ሹም ግን የሰው ንብረት አበላሽተሻል ብሎ አንዲት ፍየሏን ለቺሳሌ አስካሳት። ስለ መርዙ ሲጠየቅ የማላውቀውን አልፈርድም አለ። ከሥራም ተባረረች። ሌሎቹ ለቃሚዎች ልጆች አሉን ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ከመካከላቸው ሁለቱን ፋሌሲ እስከ ዛሬ አታናግራቸውም።

በኛ ወፍጮ ቤት ያ ዱቄት አሁን አይሸጥም። በመኪና ተጭኖ ፋሌሲን ማንም ወደማያውቅበት ሌላ ከተማ ይሄዳል። ይህን ስትሰማ በገበያ ቀን እዚያ ድረስ በእግሯ እየሄደች ከሻጩ ጎን መቆም ጀመረች። ለገዢው ሁሉ ትናገራለች፤ ሻጩ እብድ ናት ይላል፤ አንዳንዱ ይስቃል።

ባለፈው አብሬያት ሄድኩ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ረጋ ብላ ሰማቻትና «ታዲያ ምን ላብላው?» አለቻት።

ሴትዮዋ ዱቄቱን ገዝታ ሄደች። እቤታችን እስክንደርስ ፋሌሲ ስትራገም መጣች፤ ሴትዮዋን አይደለም፣ ቺሳሌን።