አንድ ጉርሻ፣ ላናይ ባሕር ላይ

ሃጂራ ጨውን በማሽተት የምትለይ ሴት ነበረች። ሆሊውድ አቅራቢያ፣ ፌርፋክስ ሠፈር የምትሠራበት የሐበሻ ምግብ ቤት ሥጋው ከሱፐርማርኬት የሚመጣ ነው፤ እሷ ደግሞ የደሴ ልጅ፣ ሙስሊም ያላረደውን ወደ አፏ የማታስጠጋ። ስትጠራጠር ሳህን የምታጥበውን ልጅ «እስቲ ቅመሽልኝ» ትላለች፣ አለቀ። ያልቀመሰችው ወጥ አሳፍሯት አያውቅም።

የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ሮስ የዚያ ወጥ ወዳጅ ነበር። ጃንዋሪ 1986 ላይ ወደ ማድ ቤቱ ብቅ አለና፣ «ሀዋይ የሸራ ጀልባ አለችኝ፤ ሁለት ሳምንት ከደሴት ደሴት እንዞራለን። መጥተሽ አብስይልን። ካማረልን ዓመቱን ሙሉ ቤቴ ትሠሪያለሽ፤ ጓሮ ያለችውንም ቤት ከነልጅሽ ትኖሪባታለሽ» አላት።

ከዚህ ሁሉ ሃጂራ ጆሮ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ነው። ፓልምስ ሠፈር፣ ባስጠጓት በእትዬ የምሥራች ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ ነበር ከልጇ ከትንሿ ጠይባ ጋር የምታድረው። ልጅቷ ሌሊት ስታለቅስ ሰው እንዳትቀሰቅስ ሃጂራ አፏን በመዳፏ ትከድናታለች። የልጅን ለቅሶ በእጅ መክደን ምን ማለት እንደሆነ ያደረገው ያውቀዋል። ልጅቷን ለእትዬ የምሥራች አደራ ሰጥታ ሄደች።

አብሯት የሄደው የጎንደሩ ግዛው ነው። ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበር፤ አሁን ሆሊውድ ሆቴል መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ በየዓመቱ ዶክተሩ ሸራውን እንዲዘረጋና ዓሣ እንዲያጠምድ ይወስደዋል። የወጥ ቤቱን ሥራ ለሚስቱ ለሥርጉት ለምኖ ነበር። ዶክተሩ የሃጂራን እጅ መረጠ። ከዚያ ወዲህ ግዛው ሃጂራን ሲያይ ጥርሱ ይስቃል፣ ዓይኑ አይስቅም።

«እሜቴ» አላት አውሮፕላን ውስጥ፣ «ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ፊልም ላይ፣ ጋሼ ግዛው።»

«እንግዲህ እሱም ያይሻል።»

የመጀመሪያው ማታ ዶሮ ሠራች። ጀልባዋ ስትናጥ የሽንኩርቱም የናፍጣውም ሽታ ተደበላለቀባትና አፍንጫዋን ማመን አቃታት። ሳህን አጣቢዋ የለችም። ያለው የአገር ልጅ አንድ ነው።

«ጋሼ ግዛው፣ በአላህ፣ ጨውን ቅመስልኝ።»

ማንኪያውን ልሶ ትንሽ አሰበ። «አልጫ ነው። ጨምሪበት።»

ጨመረች። «አሁንስ?» «ኧረ ጨምሪ! ፈረንጅ ጨው ይወዳል።» ጨመረች።

ያን ማታ የዶክተሩ እንግዶች ውኃ ሲጠጡ አመሹ። የዶክተሩ ሚስት ሊንዳ አንድ ጎርሳ ሳህኑን ገፋችው። ግዛው ዳቦውን በቅቤ እየበላ፣ ማንም ሳይጠይቀው ለዶክተሩ እንዲህ አለው፦ «እሷኮ የሠራችውን አትቀምስም። በእኛ አገር የሚያቀርብ ሰው ራሱ ካልቀመሰ አይታመንም። እኔ ብሆን አልበላም።»

ዶክተሩ ሹካውን አስቀመጠ። «እውነት ነው? አትቀምሺም?»

ሃጂራ ባላት እንግሊዝኛ አስረዳች፤ የሃይማኖት ነገር ነው፣ ሌላ ተንኮል የለውም፣ ዓሣ ቢሆን እቀምሳለሁ፣ ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም። እንግዶቹ ግን እርስ በርስ ተያይተው ነበር።

«ኦኬ» አለ ዶክተሩ ፊቱን ሳይፈታ። «ነገ ላናይ ደሴት አጠገብ እንቆማለን። ግዛው ዓሣ ካጠመደ ዓሣ ትሠሪና ፊታችን ትቀምሻለሽ። ዓሣ ከሌለ ዶሮውን ትቀምሻለሽ። እምቢ ካልሽ ከነገ ወዲያ ከማዊ ደሴት በአውሮፕላን ወደ ቤትሽ።»

ወደ ቤትሽ! የትኛው ቤት?

ዶክተሩ ዞር ሲል ግዛው በአማርኛ፣ «ዓሣው ለእስላም እሺ ብሎ ከመጣልሽ እንግዲህ» አላት።

«ባሕሩ ያንተ ነው እንዴ ግዛው?» አለችው። «ጋሼ» የምትለዋን ያኔውኑ ጣለቻት።

በማግሥቱ ላናይ አጠገብ መልህቅ ጣሉ። ውኃው ከመጥራቱ የተነሣ የጀልባዋ ጥላ ከሥር አሸዋው ላይ ይታያል። ፈረንጆቹ መነጽር አጥልቀው፣ የመተንፈሻ ቱቦ በአፋቸው ነክሰው፣ ፊታቸውን ውኃ ውስጥ ደፍተው ተንሳፈፉ፤ ጀርባቸው በፀሐይ እንደ ቲማቲም ቀላ። ግዛው ከጀልባዋ ፊት ተቀምጦ ክሩን ጣለ። ሃጂራ ሽንኩርት እየከተፈች በመስኮቱ ታየዋለች። ክሩን አወጣው፣ መልሶ ጣለው። ደግሞ አወጣው። መንጠቆው ላይ ምንም የለም። ባዶ ብረት ነው ውኃ የሚያጠጣው!

«ኖ ፊሽ ቱዴይ!» ብሎ ወደሚዋኙት ጮኸ።

ሃጂራ አልጮኸችም። የተንኮለኛን እጅ ይዞ መጮህ ጊዜ ይበላል፣ ዓሣ አያመጣም። ትርፉን ክርና መንጠቆ ከሳጥኑ አወጣች፤ ከበረዶው ውስጥ ያን የማትቀምሰውን ዶሮ አንሥታ ቆዳውን ገፈፈች፣ ቆራርጣም መንጠቆው ላይ ሰካች። «እኔ ካልበላሁህ የሚበላህ አይጠፋም» አለችው ዶሮውን። ከጀልባዋ ኋላ ቁጭ ብላ ክሩን ለቀቀች።

አንዱ ዓሣ ቆዳውን ሰርቆ ሄደ። ሁለተኛውም ሰረቀ። በሦስተኛው ክሩ መዳፏን ሰነጠቀው። እጇን በቀሚሷ ጠቅልላ ሳበች፤ ያ ነገር ወደ ታች ይጎትታል፣ እሷ ወደ ላይ። ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ግዛው ቢላ ይዞ ቆሟል።

«ላግዝሽ፣ ክሩ ተወሳስቧል።»

«ቢላህን ወዲያ!»

«ልርዳሽ ነው እንጂ...»

«አንድ እርምጃ ብትጨምር ዶክተሩን እጠራለሁ። ባዶ መንጠቆህን አይቻለሁ።»

ባለበት ቀረ። ሃጂራ በጉልበቷ ተንበርክካ ጎተተችና አንድ ክንድ የሚያህል፣ ጎኑ ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ ዓሣ ወለሉ ላይ ዘረረችው። የሚዋኙት ቱቧቸውን ተፍተው አጨበጨቡ።

ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ በርበሬውን ጣል አድርጋ፣ ዓሣውን ከታትፋ ሠራችው። ከፌርፋክስ ጠቅልላ ባመጣችው እንጀራ ላይ አወጣችው። ሁሉም ዙሪያውን ሲቀመጡ «ቢስሚላህ» ብላ፣ ፊታቸው መጀመሪያ እሷ ጎረሰች። ጨውም ልክ ነበር። ዶክተሩ ተከተላት፤ ከዚያ ሊንዳ፤ ከዚያ ወሬ ቆመ፣ እጅ ብቻ ነው የሚመላለሰው።

ግዛው ብቻ ራቅ ብሎ ገመድ ይቋጥራል። «አልራበኝም።»

ሃጂራ እንጀራ ቆርሳ፣ ዓሣ ጠቅልላ፣ ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። «እንካ።»

«ቢስሚላ ብለሽበታል፣ አልበላም» አለ በአማርኛ፣ በጥርሱ መካከል።

«የዓሣ ክርስቲያን የዓሣ እስላም የለም። ትላንት ለዶክተሩ ምን ብለህ ነበር?»

«ምንድን ነው የሚለው?» አለ ዶክተሩ።

«አልበላም ይላል» አለች ሃጂራ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብላ። «ራሷ ካልቀመሰች አትመኗት ያላችሁ እሱ ነው። እኔ ቀምሻለሁ።»

የስድስት ፈረንጅ ዓይን ግዛው ላይ አረፈ። ዶክተሩ ማኘኩን ተወ። ግዛው ግራ ቀኝ አየና አፉን ከፈተ። አጎረሰችው። እጇን ሳታወጣ ጣቷን ነከሳት፤ ሳያስበው አይደለም፣ አስቦበት፣ ዓይኗን እያየ። ክሩ ከሰነጠቀው መዳፏ ይልቅ ያ አመማት። ፊቷ ግን አልተለወጠም። እስኪለቃት ጠብቃ ጣቷን አወጣች።

ፈረንጆቹ በጭብጨባ አበዱ፤ ፍቅር ያዩ መስሏቸው። «ሃጂራ» አለ ዶክተሩ፣ «ስንመለስ ልጅሽን ይዘሽ ነይ። ጓሮውን እናሳያታለን።»

ጠይባ የፈለገችውን ያህል የምታለቅስበት ቤት!

«አንድ ጊዜ ድገሚለት!» አለች ሊንዳ። «ፌርፋክስ ሲያጎርሱ ሁለቴ እንደሚያጎርሱ አይቻለሁ።»

ግዛው እያኘከ ቀና ብሎ ጠበቃት። አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ የደሴውም የጎንደሩም ሰው ያውቃል፤ ሁለተኛውን የሚያስከትሉት ለዚያ ነው። ሃጂራ የተነከሰውን ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«ለእሱ አንድ ይበቃዋል» አለቻት።