ጥርሱን ያነሳሁበት ቦታ

ወደ አፋር ቆላ ሸቀጥ ሳመላልስ፣ አንድ ቀን ጎማዬ ተንፍሶ መንገድ ላይ ቆምኩ። ስቀይር ጎርፍ በሸረሸረው ገደል ሥር አንድ ነገር አብረቀረቀ። መንጋጋ ጥርስ ነው፤ ግን ድንጋይ ሆኗል። ኪሴ ከትቼ ድሬ ገባሁ። ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ባለቤቴ፣ መጠቅለያ ወረቀቷን ንፋስ እንዳይወስድባት ላዩ ላይ አስቀመጠችው።

ሁለት ዓመት አለፈ። ከአዲስ አበባ የመጣች ተመራማሪ፣ ቆላ የጥንት አጥንት ለሚቆፍሩ ባልደረቦቿ በርበሬ ልትገዛ መጥታ ጥርሱን አየችው፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ከየት አገኙት?» አለችኝ። ድሬ ላይ «አንተ» ነው የለመድነው፤ በ«እርስዎ» ስትጠይቀኝ የተከሰስኩ መሰለኝ።

«ከቆላው።»

«ቆላው የት ጋ?»

«ጎማ የቀየርኩበት» አልኳት፤ የትኛው ገደል እንደነበር ግን ጠፍቶኛል።

የጥንት ከርከሮ ጥርስ እንደሆነ ነገረችን። ከርከሮ የአሳማ ዘር ነውና ባለቤቴ «አስተግፊሩላህ» ብላ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ሴትዮዋ ቀጠለች፤ የከርከሮ ጥርስ በየዘመኑ ቅርጹ ስለሚለወጥ፣ አጠገቡ የጥንት ሰው አጥንት ቢገኝ ዘመኑን ለማወቅ ይረዳል። ከሥሩና ከላዩ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ደግሞ ዕድሜውን ይነግራል። «ቦታው ከጠፋ ግን ግማሹ ነገር ጠፋ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አጣሁ። ጭነት ይዤ በየገደሉ እቆማለሁ፣ ወርጄ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ባለ ሸቀጦቹ ዘገየህ ብለው ተቆጡ። ባለቤቴም «አቦ ተዋት፣ የሞተ ከርከሮ ነው» አለችኝ። መተው ግን አልሆነልኝም።

በመጨረሻ ሴትዮዋን ይዣት ወረድኩ። ሦስት ቦታ አቆምኩ፤ ሦስቱም ያው ገደል፣ ያው ግራጫ አፈር። ሦስተኛው ላይ ደብተሯን ከፍታ ጠበቀችኝ።

«እዚህ ነው?»

እዚህ ነው ብል ታምነኛለች። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ልገላገል ፈልጌ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

ደብተሯን አጠፈች። «ደግ አደረጉ። የተሳሳተ ቦታ ከምጽፍ ባዶ ብተወው ይሻላል።»

ጥርሱን ወሰደች፤ ቦታው አይታወቅም ተብሎ ተመዘገበ። ስንመለስ ሙቀቱ ከብዶ ነበር። ዓይኔ መንገዱ ላይ አልረጋ አለ፤ ገደል ባለፍን ቁጥር ያኛው ይሆን እያልኩ በመስኮት እመለከት ነበር። ሁለት ጊዜ «ወደፊት ይዩ» አለችኝ።