ነፋስ፦ «ዝቅተኛ ስጋት»

የሙሉቀን ስልክ አይሠራም። ባልደረባዬ ነው፤ ሲሚንቶ በጫነው ጀልባ ወደ ደቅ ደሴት እየሄደ ነው። እኔ ወደቡ ላይ ቆሜ ማዕበሉን አያለሁ።

ደሴቱ ላይ ጤና ኬላ ልንሠራ ነው። በእኛ አሠራር የእቅዱ ምዕራፍ ማለቁ ሳይፈረም የግንባታው ምዕራፍ አይጀመርም። ፊርማው ዛሬ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው።

ጣና ከሰዓት እንደሚናወጥ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። ሙሉቀንም «ነገ በጧት ብሄድስ?» ብሎኝ ነበር። «መርሐ ግብሩ ዛሬ ይላል» አልሁት።

የስጋት ትንተናው ላይ ነፋስን አልረሳነውም። «ዝቅተኛ» ብለን ሞልተነዋል፤ ያውም ወረቀታችንን እንዳይበትንብን መስኮት ዘግተን።

እናንተስ እቅድ ላይ አሳንሳችሁት ሥራው ላይ የገዘፈባችሁ ምንድን ነው? ሙሉቀን እስኪደውል ጻፉልኝ፤ ውኃውን ከማየት እናንተን ማንበብ ይሻለኛል።