ሻርፕ የማይነካው ጉንጭ

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ቅዳሜ ማታ ወይዘሮ ዘሀራን ግራ የላይኛው መንጋጋቸውን አመማቸው። እሑድ እንቅልፍ ነሳቸው። ሰኞ ጠዋት ከዋጃ በሚኒባስ ተሳፍረው፣ በጥርስ ሐኪምነት ወደምሠራበት የቆቦ ክሊኒክ መጡ። ማሽላ ነጋዴ ናቸው። ስልሳን አልፈዋል፤ ከአፋቸው ግን አንድም ጥርስ አልጎደለም።

«ይቺን ንቀይልኝ» አሉ በጣታቸው እያሳዩኝ። «ገበያ ጥዬ ነው የመጣሁት።»

ጥርሷን በመስታወቱ እጀታ መታ መታ አደረግኋት... ምንም። ቀዝቃዛ ነገር አስነካኋት፤ ስሜቷ ከጎረቤቶቿ አልተለየም። ራጅ አነሳሁ፤ ሥሯም አጥንቱም ጤነኛ ነው።

«እትዬ፣ ጥርሷ ምንም አልሆነችም።»

«ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ያስጮኸኝ ማን ነው? አንቺ ልጅ፣ መንቀል አላስተማሩሽም እንዴ?» ወረፋ የሚጠብቁት ሳቁ። «እምቢ ካልሽ አላማጣ ሄጄ አስነቅላታለሁ።»

እንደሚያደርጉት አልተጠራጠርኩም። የተነቀለ ጥርስ ደግሞ አይመለስም።

ሻርፓቸውን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ጥርሱን የታመመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉንጩን በጨርቅ ደግፎ ይመጣል። እሳቸው ግን ጨርቁ ግራ ጉንጫቸውን እንዳይነካ በሁለት ጣት ከፍ አድርገው ይዘውታል።

«ሲነካዎት ያምዎታል?»

«ያቃጥለኛል እንጂ። እንደ በርበሬ።»

«በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ነበር?»

«ጥርስ ላስነቅል መጥቼ የልጅነቴን ትጠይቂኛለሽ?... ወጥቶብኛል።»

ጠረጠርኩ፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ማስታገሻ ሰጥቼ እስከ ነገ ብቻ እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው። እያጉረመረሙ ወጡ። የተሳፈሩበት ሚኒባስ ዋጃን አልፎ አላማጣ የሚገባ ነበር...

ማክሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በላይኛው ከንፈራቸውና በላንቃቸው ላይ፣ በግራ በኩል ብቻ፣ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ሽፍታዎች ወጥተዋል። የትናንቱ ቀልድ የለም።

«አልማዝ ባለጭራ ነው አይደል?» አሉ ዝግ ብለው። «ዞሮ ከገጠመ ይገድላል ይላሉ።»

መስታወት ሰጠኋቸው። ሽፍታው ላንቃቸው መሃል ላይ ሲደርስ ድንበር እንደተሰመረለት እርሻ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ይኸው፣ አይዞርም። የልጅነትዎ ጉድፍ ቫይረስ ነው፤ ነርቭዎ ውስጥ ተኝቶ ኖሮ አሁን ነቃ። የነቃውም በግራው ነርቭ ላይ ብቻ ነው።»

ግንባራቸውንና ዐይናቸውን መረመርኩ፤ ንጹሕ ነው። ቫይረሱን የሚገታውን አሳይክሎቪር አዘዝኩላቸው። ይበልጥ የሚጠቅመው በቶሎ ሲጀመር ነው፤ እሳቸውም በጊዜው ደርሰዋል።

«አብሽሪ ዘሀራ» አሉ ለራሳቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተጠበሰ የማሽላ እሸት ይዘውልኝ መጡ። ቁስሉ ጠግጓል፤ ሻርፓቸውም ጉንጫቸው ላይ ተኝቷል። ያቺን ጥርስ ለወረፋተኛው እያሳዩ፣ «ልትነቅልብኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኳት» አሉ።

አላስተባበልኩም። ጥርሷንም አልነቀልኩም።