አርኮ ያዋሰችን እንስራ

እስኪ ይህን እንስራ ተመልከቱት። አንድ ጆሮው የተሰበረውን፣ ከደጄ በስተቀኝ የተቀመጠውን ማለቴ ነው። በየቀኑ በአጠገቡ ታልፋላችሁ፤ አንዳችሁም ዞር ብላችሁ አታዩትም። አደባባዩ ላይ ለቆመው የጦር አዝማች የነሐስ ሐውልት ግን አንገታችሁን ታቀናላችሁ። እሱ ስንት ሰው እንደገደለ ከሥሩ ተጽፏል። ይህ እንስራ ማንን እንዳዳነ የጻፈ የለም። እንግዲያው እኔ እጽፋለሁ።

ጸሐፊ አይደለሁም። አሪሽ እባላለሁ፤ ከባሕር ማዶ ከካርታጎ መጥቼ እዚህ ሲራኩስ ገመድና የሸራ ጨርቅ የምሸጥ ሰው ነኝ። የግሪክን ፊደል የለየሁት ከከተማው በር ውጭ ባሉት የመቃብር ድንጋዮች ላይ ጣቴን እየጎተትኩ ነው። አስተማሪዎቼ ሙታን ናቸው፤ ቃሌ ቢከብዳችሁ በእነሱ ፍረዱ።

እንስራው የአርኮ ነው። አርኮ ሴሊኑስ በምትባል ሌላ የግሪኮች ከተማ ተወለደች፣ እዚያው አገባች፣ ሱፍ እያጠበች ሁለት ወንዶች ልጆች አሳደገች። ባሏን ባሕር በላው። ልጆቿን የበላው ግን ባሕር አይደለም፤ የእኔ ወገኖች፣ የካርታጎ ሰዎች ናቸው። አልሸፋፍንም። ቅጥሩ ተደርምሶ ጦራችን ሴሊኑስ ሲገባ ፊንቶንና ዴክሲስ የፈረሰው ቦታ ላይ ቆመው ነበር። ሬሳቸውን ያጠበ የለም፣ የቀበረም የለም። እናታቸው ይህን እንስራ አዝላ በእግሯ ሲራኩስ ገባች። ሌላው ወርቁን ይዞ ሲሸሽ እሷ ውሃ መቅጃዋን ይዛ ሸሸች። "ለምን?" ሲሏት "ይጠማኛላ!" ትል ነበር።

ከእኛ ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራየች። እኔና ባለቤቴ ባትባዓል የምንኖረው ኒካሶ ጓሮ ነበር፤ ኒካሶ ባሏ የሞተባት፣ አልጋ ላይ የዋለች አማቷን የምታስታምም፣ አፏ የማያርፍ የሲራኩስ ሴት ናት። ከአርኮ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ስንጎራበት አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብላኝ አታውቅም። በደጃችን ባለፈች ቁጥር ምራቋን ትተፋለች።

"ገመድ ሻጩ ደህና አደረ?" ትላታለች ኒካሶን። "በገዛ ገመዱ አልታነቀም?"

"ዛሬ ገበያ አለበት፤ ነገ ይሞክራል" ትላታለች ኒካሶ።

አልተቀየምኳትም። ምን ብዬ እቀየማታለሁ?

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ገዢው ጉባኤ ጠርቶ በካርታጎ ላይ ጦርነት እንዲታወጅ ተናገረ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ ወደቡ ላይ የቆሙት መርከቦቻችን ተዘረፉ፣ ቀጥሎ ቤት ለቤት ሆነ። ትናንት ከእኔ ጋር ወይን የጠጡ ሰዎች ዛሬ በሬን ሰበሩ። እናንተ ናችሁ! ይህን ከምታነቡት መሀል አላችሁ። ጠረጴዛዬ ማን ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ብሉበት።

ቀትር ነበር። ባትባዓል የስምንት ወር እርጉዝ ስለነበረች መሮጥ የማይታሰብ ነው። ኒካሶ ጎትታ አስገባችንና ለፈትል ባስቀመጠችው ሱፍ ውስጥ፣ አማቷ አልጋ ሥር ቀበረችን። ከዚያ ብልሃት መጣላት። ሰው በሞተበት ቤት ደጅ የውሃ እንስራ ይቀመጣል፤ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ሲወጣ ከርኩሰቱ እንዲነጻ ይረጭበታል። ዘመድ ካልሆነ በቀር እዚያ ቤት ዘሎ የሚገባ የለም፤ የገባ ለቀናት መቅደስ አይደርስም። ዘራፊ ደግሞ ከማንም በላይ አማልክትን ይፈራል፣ ሥራውን ያውቃላ! ኒካሶ እንስራዋን ሞልታ ደጅ አስቀመጠች፣ ጸጉሯንም ፈትታ የውሸት ለቅሶዋን ጀመረች።

ከሱፉ ውስጥ ሆኜ የአርኮን ድምፅ ሰማሁ።

"ማን ሞተ?"

"አማቴ" አለች ኒካሶ።

"አማትሽ ስታስል እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።"



"እማማ አርኮ፣ በልጆችሽ ይዤሻለሁ..."

"ልጆቼን በአፍሽ እንዳታነሺ! የት ደበቅሻቸው?"

ኒካሶ ማልቀስ ጀመረች፤ ይህኛው የእውነት ነበር። "ልጅቷ ልትወልድ ደርሳለች" አለች።

ጫማ ሰፊው ሶሲስ የዘራፊዎቹ መሪ ሆኖ ከመንገዱ ጫፍ ሲስቅ ይሰማኛል። አርኮ አንዴ ብትጣራ አለቀልን። ባትባዓል እንዳትጮህ እጄን ነከሰች።

"አንቺ ደደብ!" አለች አርኮ። "የራስሽን እንስራ፣ ከራስሽ ጉድጓድ ቀድተሽ? ሞት የገባበት ቤት ውሃው ይረክሳል፤ ከጎረቤት ነው የሚመጣው። ሶሲስ ሌባ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም!"

ከዚያ እርምጃዋ ራቀ። ልትነግራቸው ሄደች አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመብኝ ጊዜ የለም።

ተመልሳ መጣች፤ አንድ ከባድ ነገር ደጃፉ ድንጋይ ላይ ድው ብሎ ተቀመጠ። ከሴሊኑስ አዝላ ያመጣችው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው እንስራ ነበር። ልጆቿን ካርታጎ የገደለባት ሴት ውሃ ያዋሰችው ቤት የካርታጎ ሰው ይደብቃል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ጥላቻዋን በር ላይ አቁማ ጠበቀችን።

"እማማ አርኮ!" ሶሲስ ደረሰ። "ገመድ ሻጩን ፈልገን ነበር።"

"ወደ ወደቡ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ስትይዘው እኔንም ጥራኝ። አሁን ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ ቤቱ ለቅሶ ነው።"

"አሮጊቷ ናት? እኔ እኮ ሁላችንንም ቀብራ የምትሄድ መስሎኝ ነበር!"

ልክ በዚህ ጊዜ፣ ከራሴ በላይ፣ ሟቿ አሳለች።

አርኮ ጮኸች። "ፊንቶን!" አለች። "ዴክሲስ! ልጆቼ!" ደረቷን ስትደቃ ውስጥ ድረስ ይሰማል። ሳሉ ተዋጠ፣ የሶሲስ ሳቅም ተዋጠ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚታጠብ ሬሳ አጥታ ለቅሶ ሳትቀመጥ የኖረች ሴት ናት። የመጀመሪያው ጩኸት ለእኛ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ለእኛ አልነበረም።

"የልጆቿን ስም ነው እኮ የምትጠራው" አለ ከዘራፊዎቹ አንዱ።

"ሐዘን ሐዘንን ይቀሰቅሳል፤ አንተ እናት የለህም?" አለችው ኒካሶ።

ሶሲስ ደጃፉን ሳይረግጥ እጁን እንስራው ውስጥ ነክሮ ራሱን ረጨና ሰዎቹን ይዞ ሄደ። አርኮ ግን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አለቀሰች። በመጨረሻ ከአልጋው ላይ "ኧረ ማን ነው የሞተው? ምነው የሚነግረኝ ጠፋ?" የሚል ድምፅ መጣ።

"አንቺ ነሽ እማዬ፣ ተኚ" አለቻት ኒካሶ።

በሦስተኛው ቀን በሱፍ ጋሪ ተጭነን ወጣን፤ ሴት ልጃችን ሽቅብ ተራራው ላይ፣ ሲኬሎች በሚባሉት ባላገሮች መንደር ተወለደች። ዕርቅ ሲወርድ ተመለስን። አርኮ ደጅ ሄጄ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በመጥረጊያ መታችኝ።

"ተነሳ! ለአንተ ብዬ አይደለም። ወገኖችህን ይቅር አላልኩም።"

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

"ልጅቷን ግን አምጣት፤ ሱፍ አጠባ ላሳያት። እናቷ እንደሆነች አትችልበትም።"

እስክትሞት ድረስ ይቅር አላለችንም፤ እስክትሞት ድረስም ልጄን አስተማረቻት። ጥላቻና ደግነት በአንድ ደረት ውስጥ አይኖሩም የሚል ሰው ካለ አርኮን አያውቃትም።

ባለፈው ክረምት አረፈች። የሞተችበት ቤት ውሃው ረክሷልና ከጎረቤት መምጣት ነበረበት። ከእኔ ጉድጓድ፣ በራሷ እንስራ ቀድቼ ደጇ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ገላዋን ያጠበችው ባትባዓል ናት። "የካርታጎ ሴት?" ብላችሁ አጉረመረማችሁ። አዎ፣ የካርታጎ ሴት! እናንተማ የት ነበራችሁ?

አመሰግንሻለሁ ብያት አላውቅም፤ መጥረጊያዋን እፈራ ነበር። አሁን እንስራዋን ሁልጊዜ ሞልቼ ደጄ አስቀምጣለሁ። ልጆቿ መቃብር የላቸውም፤ ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይም የለም። ሬሳው ያልተገኘን ሟች ስሙን ሦስት ጊዜ ጠርቶ መሸኘት ደግሞ የአገራችሁ ወግ ነው። ስለዚህ እናንተ የምታልፉ ሁሉ፣ ሶሲስ አንተም ጭምር፣ ቆም በሉና እጃችሁን ውሃው ውስጥ ንከሩ፤ ጎረቤት እንዲሰማ አድርጋችሁ "ፊንቶን፣ ዴክሲስ" ብላችሁ ሦስት ጊዜ ጥሩልኝ።